ዶክተር ቶማስ ላምቢ፦ የወላይታ ሶዶ ሕክምና ጀማሪ፣ የመጀመሪያዎቹ የቀይ መስቀል አምቡላንሶች አደራጅ

ከቦምቤ ወይም ከአካባቢዋ ቀበሌዎች አንድ ሰው በሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚያስበው ታማሚውን እንዴት አድርጎ ወደ ጤና ተቋም፣ ካስፈለገም በአረካ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ እንደሚያደርሰው ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ትንፋሽ ላጠረው ሰው ሆስፒታል መድረስ ብቻውን በቂ አይሆንም። በመንገድ ላይ የሚያልፉት ደቂቃዎችም ሕክምና ይፈልጋሉ።

ለዚህ ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዱ ሲፓፕ ይባላል። ሲፓፕ ራሱ ለሚተነፍስ ነገር ግን በጣም ለተቸገረ ሰው፣ ፊት ላይ በሚገጥም ጭምብል በኩል አየርን ወይም ኦክስጅንን በማያቋርጥ ግፊት የሚሰጥ የመተንፈሻ እገዛ ነው። በብዙ አገሮች የአምቡላንስ ባለሙያዎች ይዘውት ይጓዛሉ። በእኛ አገር ግን በሁሉም አምቡላንስ ውስጥ አይገኝም።

ይህ ጽሑፍ የዶክተር ቶማስ ላምቢን የሕይወት ታሪክ ያቀርባል። ላምቢ ዛሬ ኦቶና በሚባለው የሶዶ ሆስፒታል ቦታ የሕክምና ሥራ የጀመረውን ቡድን የመሩ፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያዎቹን አምቡላንሶች ሲያደራጅ በኃላፊነት የሠሩ ሐኪም ናቸው። ታሪካቸው ሕክምና ወደ ሕመምተኛው እንዴት እየቀረበ እንደመጣ፣ ምን እንደጎደለውም ያሳያል። ጎን ለጎንም ታማሚና ቤተሰብ ስለ ሲፓፕ ማወቅ የሚገባቸውን እናብራራለን። ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከፒትስበርግ እስከ ናስር

ቶማስ አሌክሳንደር ላምቢ በ1885 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በ1907፣ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳሉ፣ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የሕክምና ሚሲዮናዊ ሆነው ወደ ሱዳን ሄዱ። ከባለቤታቸው ከሻርሎት ጋር በደቡብ ሱዳን በሶባት ወንዝ አካባቢ፣ በዶሌብ ሂልና በናስር ሠሩ። ናስር ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም አይርቅም።

በዚያ ዘመን በእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚሠራ ሐኪም ብቻውን ነበር ማለት ይቻላል። የላቦራቶሪ ምርመራ እምብዛም አልነበረም። ፔኒሲሊንና ሌሎቹ ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒቶች ገና አልተገኙም። የሳንባ ምች የያዘው ሰው የሚድነው በአብዛኛው የራሱ ሰውነት በሽታውን ማሸነፍ ከቻለ ብቻ ነበር።

የኅዳር በሽታ ያመጣው ጥሪ

በ1918 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ኢትዮጵያን ክፉኛ መታ። ሕዝቡ የኅዳር በሽታ ብሎ የሚያስታውሰው ይኸው ነው። ኢንፍሉዌንዛው ብዙዎችን የገደለው ሳንባን በማቁሰልና የሳንባ ምችን በማስከተል ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ራሳቸው ታመው ተርፈዋል።

ወረርሽኙ ወለጋንም አልማረም። የሰዮ አካባቢ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪም እንዲላክላቸው በሱዳን በኩል ጠየቁ። ጥሪው ለላምቢ ደረሰና በ1919 ቤተሰባቸውን ይዘው ድንበር ተሻግረው ወደ ሰዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ወደምትባለው ከተማ፣ መጡ። በዚያም የሕክምና ሥራ ጀመሩ። ላምቢን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው እንግዲህ ትንፋሽን የሚያሳጥር በሽታ ያስከተለው ጥፋት ነበር።

ላምቢ ብዙም ሳይቆዩ ወደ አዲስ አበባ ተጉዘው ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኙ። አልጋ ወራሹ በዋና ከተማዋ ሆስፒታል እንዲሠሩ ፈቀዱላቸው። አንድ አሜሪካዊ ባለሀብት በሰጡት ገንዘብም በ1920ዎቹ መጀመሪያ በጉለሌ ጆርጅ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ።

ወላይታ ሶዶ፣ 1920 ዓ.ም.

ላምቢ ግን ዓይናቸው ሐኪም ወዳልደረሰበት ወደ ደቡብ ነበር። ከጓደኞቻቸው ጋር አንድ አነስተኛ ማኅበር አቋቁመው፣ በ1927 ማኅበሩ ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ጋር ተቀላቀለ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ቡድኑ አዲስ አበባ ገባ። በ1928 መጀመሪያ ወራትም በበቅሎ ወደ ደቡብ ተነሣ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወላይታ ሶዶ በመኪና በአንድ ቀን የሚደረሰው መንገድ ያን ጊዜ የሳምንታት ጉዞ ነበር።

በደቡብ አንድ የቀድሞ ወዳጅ አገኙ። በሰዮ የጠሯቸው ደጃዝማች ብሩ በዚያን ጊዜ የሲዳሞ ገዥ ሆነው ነበርና እንግዶቹን በደስታ ተቀበሏቸው። ቡድኑ በሆሳዕና፣ በሲዳማና በወላይታ ሶዶ የሥራ ጣቢያዎች ከፈተ። በዳሞታ ተራራ ግርጌ በሶዶ የተጀመረው የሕክምና ሥራ ቀስ በቀስ አድጎ ኦቶና ሆስፒታል ሆነ። ሆስፒታሉ በኋላ ወደ መንግሥት ተዛውሮ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከቦምቤም ሆነ ከሌሎች ወረዳዎች ከባድ ታማሚ ሪፈር ሲባል ከሚላክባቸው ተቋማት አንዱ እሱ ነው።

በዚያ ዘመን ታማሚ ወደ ሶዶ የሚመጣው በሰው ትከሻ በቃሬዛ፣ ወይም በበቅሎ ነበር። ጎረቤት እየተፈራረቀ ይሸከማል። እግሩ የተሰበረ ወይም ቁስል ያመረቀዘበት ሰው ጉዞውን ሊችለው ይችላል። ሳንባው ውኃ የቋጠረ የልብ ሕመምተኛ ግን በቃሬዛ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ብዙ ሰዓት መጓዝ አይችልም። ሲንጋለል ትንፋሹ ይብስበታል። ይህ ዛሬም አልተለወጠም፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው አስተኝቶ ማጓጓዝ ጉዳት አለው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላምቢ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል በማቋቋም ሥራ ላይ ተሳተፉ። ይህ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው፣ ዛሬ አለርት የምንለው ሆስፒታል መነሻ ነው። በ1934 ደግሞ የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ዜጋ ሆኑ። የውጭ ሰው የመሬት ባለቤት መሆን ስለማይችል፣ ለሚሲዮኑ ሥራ መሬት ለመያዝ ይህ አስፈላጊ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አምቡላንሶች

የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ኢትዮጵያ ለቁስለኞቿ የሚሆን የተደራጀ የጦር ሜዳ ሕክምና አልነበራትም። በዚህ ምክንያት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. (ጁላይ 8 ቀን 1935) ተመሠረተ። መስከረም 15 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ዕውቅና ሰጠው። ዶክተር ላምቢ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ሆነው ሥራውን መምራት ያዙ።

ያን ጊዜ አምቡላንስ ሲባል አንድ መኪና ብቻ ማለት አልነበረም። ሐኪሞች፣ አስታማሚዎች፣ ድንኳኖች፣ የመድኃኒት ሣጥኖች፣ የጭነት መኪናዎችና በቅሎዎች ያሉት ተንቀሳቃሽ የሕክምና ቡድን ነበር። ማኅበሩ የራሱን ቡድኖች ወደ ግንባር ሲልክ፣ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከፊንላንድ፣ ከኔዘርላንድስና ከግብፅም የሕክምና ቡድኖች መጡ። ሐኪም ወደ ቁስለኛው እንዲሄድ ማድረግ ለኢትዮጵያ በዚያ ስፋት አዲስ አሠራር ነበር።

ዋጋውም ከባድ ሆነ። በታኅሣሥ 1935 አሜሪካዊው ዶክተር ሮበርት ሆክማን በደጋሃቡር ያልፈነዳ ቦምብ ሲነኩ ሕይወታቸው አለፈ። በዚያው ወር መጨረሻ የስዊድን አምቡላንስ በመልካ ዲዳ በአውሮፕላን ተደበደበ። በመጋቢት 1936 ደግሞ የእንግሊዝ አምቡላንስ በኮረም አካባቢ ተመታ።

የጣሊያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝም ረጩ። ይህ መርዝ ቆዳን ያቆስላል፣ ዓይንን ያቃጥላል፤ ወደ ውስጥ ሲሳብ ደግሞ የአየር ቧንቧንና ሳንባን ይጎዳል። በድንኳን ውስጥ የነበሩት ሐኪሞች ቁስል ማጠብና ማሰር፣ ሕመም ማስታገስ ይችሉ ነበር። የተጎዳ ሳንባን በግፊት አየር የሚያግዝ መሣሪያ ግን በእጃቸው አልነበረም።

በዚያው ዓመት በለንደን

ያ መሣሪያ በዓለም ላይ ገና በመወለድ ላይ ነበር። በ1936፣ የኢትዮጵያ አምቡላንሶች በቦምብ በሚደበደቡበት በዚያው ዓመት፣ በለንደን የጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ኤድዋርድ ፑልተን የልብ ድካም ሳንባቸውን ውኃ ያስቋጠረባቸውን ሕመምተኞች በግፊት አየር መርዳት እንደሚቻል አሳተሙ። መሣሪያቸው የተሠራው ከቤት ምንጣፍ አቧራ መምጠጫ ማሽን ነበር። ማሽኑ አየር እንዲመጥ ሳይሆን እንዲነፋ አድርገው፣ ቱቦውን ከጭምብል ጋር አገናኙት። በኒው ዮርክ ዶክተር አልቫን ባራክም በ1930ዎቹ በተመሳሳይ ሕክምና ላይ ይሠሩ ነበር።

መሣሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው። ሳንባችን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሞላ ነው። ልብ ሲደክም ደም ወደ ኋላ ተጠራቅሞ ፈሳሽ ወደ ከረጢቶቹ ይሰርጋል። ከረጢቶቹ ይሟሽሻሉ፣ ኦክስጅን ወደ ደም መግባት ያቅተዋል። ሰውየው እየሰመጠ እንዳለ ሆኖ ይሰማዋል። በጭምብሉ በኩል የሚገባው የማያቋርጥ ግፊት ከረጢቶቹ እንዳይዘጉ ደግፎ ይይዛል። ኦክስጅን በቀላሉ ይገባል፣ የልብም ሸክም ይቀንሳል፣ የደረት ጡንቻዎች ያርፋሉ። ግፊቱ የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውኃ ሲሆን፣ ለአዋቂ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ይደርሳል።

ሕክምናው በኋላም ወደ ሌሎች ሕመምተኞች ሰፋ። በ1971 ጆርጅ ግሪጎሪና ባልደረቦቻቸው ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕጻናት ተጠቀሙበት። በ1981 አውስትራሊያዊው ኮሊን ሱሊቫን በእንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ለሚቋረጥ ሰዎች አዋሉት። ቱቦውን ውኃ ውስጥ በመንከር ግፊት የሚፈጥር፣ አረፋ የሚያወጣ ቀላል ዓይነትም አለ። ቱቦው 5 ሴንቲ ሜትር ከገባ ግፊቱም 5 ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች ለጨቅላ ሕጻናትና የሳንባ ምች ላለባቸው ልጆች ያገለግላል።

አገር አልባው ሐኪም

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የላምቢ የሕይወት ምዕራፍ ከዚህ በኋላ አስቸጋሪ ሆነ። የሚሲዮኑ ሥራ እንዳይቋረጥ በማለት ከወራሪው አስተዳደር ጋር ለመስማማት ሞከሩ። ስለ ቦምብ ድብደባውና ስለ መርዝ ጋዙ ቀደም ሲል የሰጡትን ምስክርነትም አለሳለሱ። ይህ ብዙ ኢትዮጵያውያንን አሳዘነ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበራቸውንም መተማመን አፈረሰ። ሙከራቸውም ፍሬ አላፈራም፤ በ1937 ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ እንዲወጡ ተደረገ።

ላምቢ የአሜሪካ ዜግነታቸውን ትተዋል፣ ዜጋ የሆኑባት ኢትዮጵያም በወራሪ እጅ ወድቃለች። በ1939 ያሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ርዕስ ሀገር አልባ ሐኪም የሚል ትርጉም አለው። ከነጻነት በኋላም ተመልሰው በኢትዮጵያ ለመሥራት አልቻሉም። ሕይወታቸውን ስንነግር ይህንን መተው አይገባም። የሠሩት በጎ ሥራና ያጎደሉት እምነት ሁለቱም የታሪካቸው ክፍል ናቸው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ላምቢ በኋላ ወደ ቅድስት ሀገር ሄዱ። በቤተልሔምና በኬብሮን መካከል በበረካ ሸለቆ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚታከሙበት ሳናቶሪየም አቋቋሙ። ባለቤታቸው ሻርሎት ሥራው ከመጠናቀቁ በፊት ዐረፉ። ላምቢም በሚያዝያ 1954፣ በ69 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ሐኪም ሥራቸውን የጨረሱት የሳንባ ሕሙማንን በማከም ነበር።

በሶዶ የተጀመረው ሕክምና ቀጥሏል። ቀይ መስቀልም ዛሬ በአገሪቱ ሰፊ የአምቡላንስ አገልግሎት ከሚሰጡት አንዱ ነው። ወረዳዎችም በተለይ ለወላድ እናቶች የሚያገለግሉ አምቡላንሶች አሏቸው። ታማሚን በቃሬዛ ተሸክሞ ቀኑን ሙሉ መጓዝ በብዙ ቦታ ቀርቷል። የቀረው ሥራ አምቡላንሱ ታማሚውን ማጓጓዝ ብቻ ሳይሆን እያከመም እንዲያደርሰው ማድረግ ነው።

ሲፓፕ በአምቡላንስ ውስጥ፦ ለማን ይሆናል?

በአምቡላንስ ውስጥ ሲፓፕ በይበልጥ የሚጠቅመው በልብ ድካም ምክንያት ሳንባው በድንገት ውኃ ለቋጠረ ሰው ነው። በአገራችን የልብ ድካም የአረጋውያን ብቻ ችግር አይደለም። በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በርን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ በሽታ ወጣቶችንና ነፍሰ ጡር እናቶችንም ለዚህ ያጋልጣል። ለረጅም ዓመታት የማገዶ ጭስ ወይም ሲጋራ ሳንባቸውን ለጎዳባቸው ሰዎችም በግፊት የሚሰጥ የትንፋሽ እገዛ ይጠቅማል። ለእነሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሲተነፍሱ ግፊቱ ከፍና ዝቅ የሚል ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው።

ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሲፓፕ የትንፋሽ ማጠርን ቶሎ ያቀላል፣ በጉሮሮ ቱቦ አስገብቶ በማሽን የማስተንፈስንም አስፈላጊነት ይቀንሳል። ሞትን ምን ያህል እንደሚቀንስ ግን የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም። ሲፓፕ መድኃኒትን አይተካም። ታማሚው ወደ ሆስፒታል እስኪደርስና ዋናው በሽታ እስኪታከም ጊዜ ይገዛል።

ሲፓፕ የማይሰጠው፦

- ራሱን ለሳተ ወይም መተንፈስ ላቆመ ሰው። ይህ ሰው በከረጢትና በጭምብል ትንፋሽ ሊሰጠው ይገባል።
- ለሚያስመልሰው ሰው፣ ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል።
- የደም ግፊቱ በጣም ለወረደ ሰው።
- በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል አየር ለገባበት፣ ለምሳሌ ደረቱ በአደጋ ለተጎዳ ሰው።
- ፊቱ ላይ ከባድ ጉዳት ለደረሰበት፣ ጭምብሉ ሊገጥምለት ለማይችል ሰው።

የኦክስጅን ስሌት

በረጅም መንገድ ላይ ትልቁ ጥያቄ የኦክስጅን መጠን ነው። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ 1,500 ሊትር ያህል ኦክስጅን ይሰጣል። በተራ ጭምብል በደቂቃ 5 ሊትር ቢሰጥ 5 ሰዓት ይቆያል። በኦክስጅን ግፊት የሚሠራ ሲፓፕ ግን በደቂቃ 15 ሊትርና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በ15 ሊትር ያው ሲሊንደር 100 ደቂቃ ብቻ ይቆያል። በእጅ የሚያዝ ባለ 2 ሊትር ሲሊንደር ደግሞ በ20 ደቂቃ ያልቃል። መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ቢዘገይ ኦክስጅን መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ከመነሳቱ በፊት ሲሊንደሩን ማየትና ማስላት አለበት። ቤተሰብም ኦክስጅኑ እስከ ሆስፒታሉ ይበቃ እንደሆነ መጠየቅ መብቱ ነው።

አምቡላንስ እስኪመጣ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ሳይዘገዩ እርዳታ ይጥሩ፦

- ታማሚው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካቃተው
- ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ ወይም ከሰማየ
- አረፋማ ወይም ሮዝ መልክ ያለው አክታ ካወጣ
- ከተደናበረ ወይም ያለወትሮው እንቅልፍ ከተጫነው
- ልጅ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ካቃሰተ፣ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው

እስከዚያው፦

1. ታማሚውን ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፣ ጀርባውን በትራስ ወይም በሰው ይደግፉ። ሳንባው ውኃ የቋጠረ የልብ ሕመምተኛ እግሩን ወደ ታች ቢያወርድ ይቀለዋል። በግድ አያስተኙት። ራሱን ከሳተ ግን እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ ያስተኙት፤ መተንፈስ ካቆመ ደረቱን በመጫን የነፍስ አድን እርዳታ ይጀምሩ።
2. የጠበቀ ልብስና መቀነት ይፍቱ። በርና መስኮት ይክፈቱ፣ እሳትና ጭስ ካለበት ቤት ያውጡት። ለማየት የመጣው ሰው ዙሪያውን እንዳይከበው ያድርጉ።
3. የሚበላም ሆነ የሚጠጣ ነገር አይስጡት።
4. አስም ካለበትና የሚነፋ መድኃኒት ከታዘዘለት እንደታዘዘው ይስጡት። የሌላ ሰው መድኃኒት አይስጡት።
5. ሲደውሉ ትንፋሽ ያጠረው ታማሚ መሆኑን በመጀመሪያ ይናገሩ። አምቡላንሱ ኦክስጅንና የጤና ባለሙያ እንዳለው ይጠይቁ። የቀይ መስቀል የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው። የወረዳዎን የአምቡላንስ ቁጥር ግን አስቀድመው መዝግበው መያዝ ይበልጥ ይጠቅማል።
6. የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ የሕክምና ካርዱንና የሪፈር ወረቀቶቹን ይያዙ። የልብ በሽታ፣ የስኳር በሽታ፣ አስም ወይም የሳንባ ነቀርሳ ካለበት ለባለሙያው ይንገሩ። ነቀርሳን መደበቅ ባለሙያውንም ሌላውንም ታማሚ ይጎዳል።
7. አምቡላንሱ የሚዘገይ ከሆነና ሌላ መኪና ከተገኘ፣ ለባለሙያ ደውለው በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይውሰዱት። በባጃጅም ሆነ በመኪና ሲጓዝ ተቀምጦ ይሁን።

ጭምብሉ ሲደረግ

ሲፓፕ መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል። ጭምብሉ ይጠብቃል፣ አየሩ ፊትን ይገፋል፣ ታማሚው የሚታፈን ይመስለዋል። ብዙዎች በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጭምብሉን ሊነቅሉት ይሞክራሉ። እዚህ ላይ አብሮ የሚጓዘው ዘመድ ትልቅ እገዛ ማድረግ ይችላል። እጁን ይያዙት፣ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በወላይትኛም ቢሆን፣ ቀስ ብለው ያነጋግሩት። በአፍንጫው ቀስ ብሎ እንዲስብ፣ ከአየሩ ጋር እንዳይታገል ይንገሩት። መናገር ስለማይችል በእጅ ምልክት ተስማሙ። ማስመለስ ከመጣበት እጁን እንዲያነሣ ይንገሩት፣ ባለሙያውም ጭምብሉን ወዲያው ያወልቃል። ያለ ባለሙያው ፈቃድ ግን ጭምብሉን አያላሉ፣ አየር ካመለጠ ግፊቱ ይጠፋል። ኦክስጅን ባለበት መኪና ውስጥ ሲጋራም ሆነ ክብሪት መለኮስ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሲፓፕ የማይገኝበት አምቡላንስ ቢመጣም ተስፋ አይቁረጡ። ታማሚውን አስቀምጦ በተራ ጭምብል ኦክስጅን መስጠት፣ በጣት ላይ በሚደረግ መለኪያ የኦክስጅኑን መጠን መከታተል፣ ለሚቀበለው ሆስፒታል አስቀድሞ መደወል የብዙ ሰው ሕይወት ያተርፋል። መለኪያው ከ90 በመቶ በታች ካሳየ አደጋው ከባድ ነው።

የልብ ወይም የሳንባ በሽታ ያለበት ሰው በቤትዎ ካለ፣ ዛሬ ደህና ባለበት ቀን ተነጋገሩ። ለማን እንደሚደወል፣ ማን አብሮት እንደሚሄድ፣ ወረቀቶቹና መድኃኒቶቹ የት እንደሚቀመጡ ወስኑ። በዕድርም ሆነ በቀበሌ ስብሰባ የወረዳው አምቡላንስ ኦክስጅንና የሠለጠነ ባለሙያ እንዳለው ጠይቁ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት የቀረበ እንጂ የሐኪምን ምርመራና ምክር የሚተካ አይደለም። የትንፋሽ ማጠር ድንገተኛ ሕመም ስለሆነ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ፈጥነው ይሂዱ።